«ሆዳችን ለምዷል» ብሎ ነገር!

የጦሳው ልጅ፦ ትናንት ደሴ ውስጥ ስለ ውሃ በተጠራ የሰፈር ስብሰባ አንድ አባት ተነሱና «የወሎ ሰው ሆድ ባክቴሪያ ለምዷል፣ ውሃ ማፍላት ለፈረንጅ ነው» አሉ። ተጨበጨበላቸው! ደሜ ፈላ።

ኮምቦልቼው፦ ምን ያፈላሃል? ልክ ናቸው። በ1940ዎቹ ፖል ቢሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ጥንቸሎችን የታይፎይድ ክትባት ደጋግሞ ሲወጋቸው ትኩሳታቸው እየቀነሰ ሄደ። ለመዱ። በቃ።

የሐይቋ፦ ቆይ፣ «ለመዱ» የምትለዋን ልያዝልህ። የለመደው ማን ነው? ማክሮፋጅ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሴል። ቲኤልአር4 በሚባል ተቀባዩ የባክቴሪያውን ግድግዳ ቁራጭ፣ ኢንዶቶክሲኑን፣ ይለያል። መጀመሪያ ሲያገኘው ቲኤንኤፍ የሚባል ማንቂያ ይለቅና ትኩሳት ይመጣል። ቶሎ ሲደገምበት ማንቂያውን ይቀንሳል። ደግሞ ጥንቸሎቹ የተወጉት የሞተ ባክቴሪያ ነው ወንድሜ፣ በቦርከና ወንዝ ያለው ግን በሕይወት አለ!

ኮምቦልቼው፦ ዝም ካለ ለመደ አይደል? አማርኛ ልታስተምሪኝ ነው?

የሐይቋ፦ ውሻው ሌባውን ለምዶ መጮህ ቢተው፣ ሌባው መስረቅ ተወ ማለት ነው?

ጀማው፦ ወላሂ ውሻዋ ተመቸችኝ 😂

ኮምቦልቼው፦ ሳቁ። በጀርመንና በስዊዘርላንድ ከከብት ጋር ያደጉ ልጆች አስም ያንስባቸዋል፣ ይሄም ተጠንቷል። እኛ ከበሬ ጋር ነው ያደግነው።

የጦሳው ልጅ፦ አስም ሌላ፣ ታይፎይድ ሌላ! የበረት አቧራ መተንፈስና ሽንት ቤት የገባበት ውሃ መጠጣት አንድ ሆነልህ?

ኮምቦልቼው፦ ሽንት ቤታችሁን ወደ ቦርከና ለቃችሁ ቁልቁል የምትልኩልን እናንተ ደሴዎች አይደላችሁ እንዴ? ዛሬ ንጽህና አስተማሪ ሆናችሁ።

የጦሳው ልጅ፦ የእናንተ ፋብሪካዎችስ ሽቶ ነው የሚለቁት?

ነርሷ፦ ወደ ነገሩ ተመለሱ። ይሄ መልመድ የምትሉት ጊዜያዊ ነው፣ የዕድሜ ልክ ክትባት አይደለም። ደግሞ ሁሌ ደግ አይደለም። ሴፕሲስ፣ ማለት ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን የሚያናጋበት ሕመም፣ ይዞት የተረፈ ሰው መከላከያው ደንዝዞ ሌላ ኢንፌክሽን ሊጥለው ይችላል። «ለምዷል» ብላችሁ ታጨበጭባላችሁ?

ኮምቦልቼው፦ እኔ ስለ ጤነኛ ሰው ነው የማወራው፣ አንቺ ሆስፒታል ወሰድሽኝ።

ጀማው፦ አብሽሩ አቦ። እኔ የምለው፣ አባትየው ስብሰባው ላይ ምን ጠጡ?

የጦሳው ልጅ፦ ሃይላንድ! ሁለት ጨረሱ።

ኮምቦልቼው፦ ታድሎ ነዋ። ይድፉት?