በኡቡንቱ የሚሠራ የሲ ፕሮግራም በአልፓይን፣ በራስቤሪ ፓይና በዊንዶውስ ላይ ለምን እምቢ ይላል?

ጥያቄ፦ ፊደል ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁም። በአማርኛ የተጻፉ ፋይሎችን እያነበበ በውስጣቸው ስንት ፊደልና ስንት ቃል እንዳለ የሚቆጥር፣ ወደ 900 መስመር የሚሆን ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌአለሁ። ብዙ ፋይሎችን ጎን ለጎን ለማንበብ አራት ትሬዶችን ይጠቀማል። በእኔ ላፕቶፕ ላይ፣ ማለትም በኡቡንቱ ላይ በጂሲሲ ኮምፓይለር፣ ለወራት ያለ ችግር ሠርቷል። ጣጣው የመጣው ሦስት ባልደረቦቼ በየማሽኖቻቸው ላይ ኮምፓይል ሊያደርጉት (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ሊቀይሩት) ሲሞክሩ ነው።

የመጀመሪያው በአልፓይን ሊኑክስ ኮንቴይነር ውስጥ ሞከረና «ኤረር.ኤች» የተባለው ሄደር ፋይል አልተገኘም የሚል ስህተት ገጠመው። ያንን በራሱ አጭር ፈንክሽን ተክቶ ካለፈ በኋላ ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሆነ፤ ነገር ግን ትሬዶቹ ሥራ እንደ ጀመሩ በሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደለትን ማህደረ ትውስታ በመንካት) ይቆማል። ያለ ትሬድ ሲያስኬደው ይሠራል፤ ሆኖም የሌለ ፋይል ስም ሲሰጠው፣ ምክንያቱ መጻፍ በነበረበት ቦታ የባዶ ፖይንተር ምልክት ብቻ ያትማል። ሁለተኛዋ በራስቤሪ ፓይ ላይ አንድም ስህተት ሳይገጥማት ኮምፓይል አደረገችው፤ የቃላቱ ቁጥር ትክክል ሲሆን የአማርኛ ፊደላት ቁጥር ግን ለማንኛውም ፋይል 0 ነው። ሦስተኛው በዊንዶውስ ላይ በቪዥዋል ስቱዲዮ ሞክሮ «ዩኒኤስቲዲ.ኤች» የለም ተባለና እዚያው ተወው።

ኮዱን የምገነባው በጥብቅ ሲ99 ነው። ኮምፓይለሩ «ስትርደፕ» (ጽሑፍ የሚቀዳው ፈንክሽን) አልታወጀም እያለ ስላስጠነቀቀኝ «_ጂኤንዩ_ሶርስ» የሚለውን ማክሮ (ለኮምፓይለሩ የሚታወጅ ስም) ጨምሬ ጸጥ አሰኝቼዋለሁ። አንድን ባይት የአማርኛ ነው የምለው «ቻር» ዓይነት ባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ካነበብኩት በኋላ ከዜሮ ያነሰ ሆኖ ሳገኘው ነው፤ እንዲህ ያሉትን ደምሬ ለ3 አካፍላለሁ። የትሬዱ ፈንክሽን አንድ ሜጋባይት የሚሆን አሬይ በውስጡ ያውጃል። ጥፋቱ አልፓይን የሚጠቀምበት፣ የሲን መሠረታዊ ፈንክሽኖች የያዘው የመስል ላይብረሪ ጉድለት ነው ወይስ የእኔ? መስል መሆኑን ለይቼ የተለየ ኮድ የምጽፍበት ማክሮስ አለ?

መልስ፦ አሮጌ ተርሚናል

ከሁሉም የሚያስፈራው የራስቤሪ ፓዩ ነው፤ ምክንያቱም ሳይሰናከልና ሳያስጠነቅቅ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

የሲ ስታንዳርድ «ቻር» ምልክት ያለው (አሉታዊ ቁጥርም የሚይዝ) ይሁን ወይም ምልክት አልባ አይደነግግም፤ ውሳኔውን ለኮምፓይለሩና ለመድረኩ ይተወዋል። በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ከ-128 እስከ 127 ይይዛል፤ እንደ ራስቤሪ ፓይ በአርም ፕሮሰሰር ላይ በሚሠራ ሊኑክስ ግን ከ0 እስከ 255 ነው። «ሀ» ፊደላትን በባይት በሚወክለው በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ 225፣ 136 እና 128 የሆኑ ሦስት ባይቶች ይሆናል። የመጀመሪያው ባይት በእርስዎ ማሽን ላይ -31 ተብሎ ሲነበብ በራስቤሪ ፓይ ላይ 225 ሆኖ ይቀራል። ምልክት አልባ ቁጥር ከዜሮ ሊያንስ ስለማይችል ኮምፓይለሩ ያንን ቅድመ ሁኔታ ሁልጊዜ ሐሰት አድርጎ ያወጣዋል፤ ስለዚህም 0። የአፕል አርም ማሽኖች «ቻር»ን ምልክት ያለው ስለሚያደርጉ፣ ነገሩን «አርም ከሆነ» በሚል ማክሮ ለመለየት መሞከር ሌላ ስህተት ይወልዳል። መፍትሔው ባይቶቹን «አንሳይንድ ቻር» በሚለው ዓይነት ማንበብና ከ127 መብለጣቸውን መጠየቅ ነው። ቁምፊው ፊደል ወይም ክፍት ቦታ መሆኑን ወደሚመረምሩት ወደ «ኢዝአልፋ» እና ወደ «ኢዝስፔስ» የሚያስተላልፉትን ዋጋም እንዲሁ ይቀይሩ፤ እነዚህ ፈንክሽኖች ከ«ኢኦኤፍ» (ከፋይል መጨረሻ ምልክት) በቀር አሉታዊ ቁጥር ሊሰጣቸው አይገባም። የኡቡንቱ የሲ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲና መስል አሉታዊውን በዝምታ ያልፉታል፤ የቪዥዋል ስቱዲዮ የዲበግ ግንባታ ግን ፕሮግራሙን ያስቆመዋል።

ይህን ለመፈተን ራስቤሪ ፓይ መግዛት አያስፈልግም። ጂሲሲና ክላንግ «ቻር»ን ምልክት አልባ የሚያደርግ አማራጭ፣ «-ኤፍአንሳይንድ-ቻር»፣ አላቸው። በላፕቶፕዎ ላይ በዚህ አማራጭ ኮምፓይል ያድርጉት፤ ዜሮውን እዚያው ያገኙታል። «-ደብሊውኤክስትራ» የተባለውን የማስጠንቀቂያ አማራጭ አክለው ቢሆን ኖሮ ባልደረባዎ ሁልጊዜ ሐሰት የሆነ ንጽጽር እንዳለ በተነገራት ነበር።

አሁን ደግሞ ያልጠየቁኝን ልናገር። ከ127 የሚበልጠውን ባይት ሁሉ ቆጥሮ ለ3 ማካፈል የአማርኛ ፊደል መቁጠር አይደለም፤ እንደ «é» ያለ የፈረንሳይኛ ፊደልም፣ «፡» እና «።»ም አብረው ይቆጠራሉ። በ225 የሚጀምረውን ብቻ እንለይ ቢሉም ይህ ባይት ከ4096 እስከ 8191 ያሉትን የዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ቁጥሮች በሙሉ ስለሚያስጀምር የጆርጂያና የክመር ፊደላትም ይገባሉ። ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክልል ከ4608 እስከ 4991 ሲሆን፣ ከ4960 እስከ 4968 ያሉት ሥርዓተ ነጥቦች፣ ከ4969 እስከ 4988 ያሉት ደግሞ አኃዞች ናቸው። ተጨማሪዎቹ ክልሎች ከዚህ ርቀው ይገኛሉ፤ በ2021 በዩኒኮድ 14 የገባው፣ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያገለግለው ክልል በ124896 ስለሚጀምር እያንዳንዱ ፊደሉ አራት ባይት ይወስዳል። ዩቲኤፍ-8ን የሚፈታ ፈንክሽን ከሠላሳ መስመር አይበልጥም፤ ይጻፉትና በቁጥሩ ይለዩ። ባይቶችን ወደ ቁምፊ የሚፈታውን የላይብረሪውን «ኤምቢአርቶደብሊውሲ» እንዲህ ላለ ሥራ አልመክርም፤ ውጤቱ በሎካል (የቋንቋና የአገር) ቅንብር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ «ሴትሎካል» ካልተጠራ ጂሊብሲ የአማርኛውን ባይት ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሰፊው የቁምፊ ዓይነት 16 ቢት ስለሆነ ያ 124896 በአንዱ ውስጥ አይገባም።

መልስ፦ ቀላል መንገድ

ስለ አልፓይን ይህን ያህል መድከም ያስፈልጋል? አልፓይን ላይ «ጂኮምፓት» የተባለውን ፓኬጅ መጫን ወይም ኮንቴይነሩን ወደ ደቢያን መለወጥ ይቻላል። እኔ ሁለተኛውን አድርጌ ተገላግያለሁ።

መልስ፦ ጠጠር ጣይ

ወንድሜ፣ ጂኮምፓት የተሠራው ለጂሊብሲ ተዘጋጅቶ ያለቀ ባይነሪ በመስል ላይ እንዲነሳ ለማገዝ ነው፤ ከምንጭ ኮድ ኮምፓይል ሲደረግ የሚታየውን ችግር አይነካም። ወደ ደቢያን መሄዱም ስህተቶቹን ይሸፍናቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። ጠያቂያችን ያቀረቧቸው ሦስቱም የአልፓይን ምልክቶች መስል ጎደለው የሚያሰኙ አይደሉም።

«ኤረር.ኤች» የጂኤንዩ ጭማሪ ነው፤ በሲ ስታንዳርድም በፖዚክስም (ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች በሚጋሩት ስታንዳርድ) ውስጥ የለም። ባልደረባዎ በራሱ ፈንክሽን መተካቱ ልክ ነው፤ ያንኑ ወደ ዋናው ኮድ ያስገቡት።

የባዶ ፖይንተሩ ነገር ረዘም ያለ ታሪክ አለው። የስህተትን ምክንያት በቃላት የሚሰጠውን «ስትርኤረር_አር» የሚባል ፈንክሽን የጠሩ ይመስለኛል። ይህ ስም ሁለት የተለያዩ ፈንክሽኖችን ይሸፍናል፤ የፖዚክሱ መልእክቱን እርስዎ በሰጡት ቋት ውስጥ ጽፎ ሲሳካለት 0 የሆነ «ኢንት» ይመልሳል፣ የጂኤንዩው ግን ወደ መልእክቱ የሚያመለክት ፖይንተር ይመልሳል፣ ቋትዎንም ጭራሽ ላይነካው ይችላል። «_ጂኤንዩ_ሶርስ»ን ሲያውጁ ጂሊብሲ የጂኤንዩውን ይሰጥዎታል፤ መስል ማክሮውን ቢያይም ያለው የፖዚክሱ ብቻ ነው። እርስዎ የተመለሰውን በቀጥታ ለ«ኤፍፕሪንትኤፍ» ሲያቀብሉ በአልፓይን ላይ 0 እንደ ፖይንተር ይነበባል። ለስትርደፕ ብለው የጨመሩት ማክሮ የማይገናኝ የሚመስለውን የሌላ ፈንክሽን ትርጉም ለወጠብዎት ማለት ነው።

ስለዚህ «_ጂኤንዩ_ሶርስ»ን ያውጡና በምትኩ «_ፖዚክስ_ሲ_ሶርስ»ን 200809ኤል በሚል ዋጋ ያውጁ፤ ስትርደፕም ይገኛል፣ ስትርኤረር_አርም በሁለቱም ላይብረሪዎች የፖዚክሱ ይሆናል። ማክሮው ከማንኛውም ሄደር በፊት መቅደም አለበት፤ የመጀመሪያው ሄደር ሲነበብ ምርጫው ይቆለፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው አይሰማም። በእኔ ልምድ በኮምፓይል ትእዛዙ ላይ መጻፉ ከሁሉ ይሻላል፣ አንዱ ፋይል ሳይኖረው የሚቀርበት ዕድል የለምና። ለማክ ተጠቃሚዎች ግን ይህ ማክሮ አንዳንድ የቢኤስዲ ፈንክሽኖችን ስለሚደብቅ «_ዳርዊን_ሲ_ሶርስ» አብሮ ያስፈልግ ይሆናል።

ያልታወጀ ፈንክሽን ማስጠንቀቂያን በቀላሉ አለማለፍዎም መልካም ነው። በቀድሞው ልማድ ኮምፓይለሩ ያላወቀውን ፈንክሽን «ኢንት» ይመልሳል ብሎ ይገምት ስለነበር፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ ከስትርደፕ የተመለሰው ፖይንተር ግማሹ ይቆረጣል። ሲ99 ይህን ግምት በ1999 ከቋንቋው አስወጥቶታል፤ ክላንግ ከስሪት 16፣ ጂሲሲ ከስሪት 14 ጀምሮ በነባሪ ስህተት አድርገውታል።

ሴግመንቴሽን ፎልቱ ደግሞ የስታክ፣ ማለትም በፈንክሽን ውስጥ የሚታወጁ ተለዋዋጮች የሚቀመጡበት ማህደረ ትውስታ፣ ጉዳይ ነው። ጂሊብሲ ለአዲስ ትሬድ የሚሰጠውን ስታክ ከሂደቱ የስታክ ወሰን ይወስዳል፤ ይህም ብዙ ጊዜ 8 ሜጋባይት ነው። መስል በነባሪ የሚሰጠው 128 ኪሎባይት ነው። አንድ ሜጋባይት አሬይ እዚያ አይገባም። በማክ ላይም ከዋናው ውጭ ያሉ ትሬዶች 512 ኪሎባይት ብቻ ስለሚያገኙ እዚያም ይወድቅ ነበር። አሬዩን በ«ማሎክ» ቢያገኙት ይመረጣል፤ ካልሆነ የሚፈልጉትን መጠን በ«ፒትሬድ_አትር_ሴትስታክሳይዝ» በግልጽ ይጠይቁ።

ስለ መለያ ማክሮው፦ መስል እንዲህ ያለ ማክሮ የለውም፣ አዘጋጆቹም ሆን ብለው ነው የተዉት። «መስል ከሆነ ይህ የለም» ብሎ የተጻፈ ኮድ በሚቀጥለው ስሪት ይሳሳታል። ለምሳሌ «ኪውሶርት_አር» በመስል ውስጥ አልነበረም፣ በ2022 በስሪት 1.2.3 ገባ፤ «ስትርኤልሲፒዋይ» በተቃራኒው በመስል ውስጥ ቆይቶ ወደ ጂሊብሲ የመጣው በ2023 በስሪት 2.38 ነው። የላይብረሪውን ስም ከመጠየቅ ይልቅ ፈንክሽኑ መኖሩን ይጠይቁ፤ ሲሜክ፣ ሜሰንና አውቶኮንፍ የተባሉት የግንባታ መሣሪያዎች ትንሽ የሙከራ ኮድ ኮምፓይል አድርገው መልሱን በማክሮ ያስቀምጡልዎታል።

መልስ፦ መስኮት

የዊንዶውሱን በአጭሩ ልመልስ። ዩኒኤስቲዲ.ኤች የፖዚክስ ስለሆነ ከማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ጋር አይመጣም፤ ከእርሱ የሚጠቀሙባቸውን ፈንክሽኖች ሁሉ ወደ አንድ ፋይል ሰብስበው ለዊንዶውስ ሁለተኛ ቅጂ ቢጽፉ የቀረው ኮድ ንጹሕ ይሆናል። ያንን ለጊዜው ማድረግ ካልፈለጉ በኤምሲስ2 ውስጥ ያለው ሚንጂደብሊው የተባለ የጂሲሲ የዊንዶውስ ቅጂ ብዙውን ያቃልላል።

ከዚያ በኋላ የሚጠብቁዎት ሦስት ነገሮች አሉ። በ64 ቢት ዊንዶውስ «ሎንግ» 32 ቢት ነው፣ በ64 ቢት ሊኑክስ ግን 64፤ ቆጣሪዎችዎን «ሳይዝ_ቲ» ወይም «ዩኢንት64_ቲ» ያድርጓቸው። ፋይሎቹን በባይነሪ ሁነታ ይክፈቱ፤ በጽሑፍ ሁነታ ከተከፈቱ የመስመር መጨረሻዎች ስለሚለወጡ የባይት ቁጥሩ ከሊኑክሱ ጋር አይገጥምም፣ 26 የሆነ ባይት ከመጣም ንባቡ እዚያ ላይ ያበቃል። በምንጭ ኮድዎ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ካለ ደግሞ «/ዩቲኤፍ-8» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ኮምፓይለሩ ፋይሉን በማሽኑ የኮድ ገጽ መሠረት ያነበዋል። ኮንሶሉንም ወደ 65001 (የዩቲኤፍ-8 የኮድ ገጽ) መቀየር አይርሱ።

ፊደል ቆጣሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምልክት አልባውን አማራጭ በላፕቶፔ ላይ እንደ ጨመርኩ ዜሮው ወዲያው ታየ፤ ለወራት ትክክል ነው ስለው የኖርኩት ኮድ መሆኑ አስደነገጠኝ። የዩቲኤፍ-8 መፍቻውን ጻፍኩ፣ ማክሮውን ለወጥኩ፣ አሬዩን ወደ ማሎክ አዛወርኩ፤ አሁን በአልፓይንና በራስቤሪ ፓይ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። በዊንዶውስ በሚንጂደብሊው ኮምፓይል ሆኗል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ባልደረባዬ በኖትፓድ ያስቀመጣቸው አንዳንድ ፋይሎች ከእኔ ቅጂ በጠቅላላ የቁምፊ ቁጥር በትክክል በአንድ ይበልጣሉ፤ የአማርኛ ፊደላቱ ቁጥር ግን እኩል ነው።

አሮጌ ተርሚናል

ያ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው የባይት ቅደም ተከተል ምልክት ነው፤ 239፣ 187 እና 191 የሆኑ ሦስት ባይቶች። የፋይሉ የመጀመሪያ ሦስት ባይቶች እነዚህ ከሆኑ ይዝለሏቸው፤ በመሐል ከመጡ ግን አይንኳቸው።