የእንግሊዝኛን ግስ ከነጓደኛው መያዝ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ ወደሚነገርበት አገር አዲስ ከመጡ ወገኖች አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። «ሰዋስው በደንብ ተምሬያለሁ፤ ሲያወሩ ግን አይገባኝም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። «ፑት» የሚለውን ያውቃሉ። «አፕ»ንም «ዊዝ»ንም ያውቃሉ። አለቃቸው «አይ ካንት ፑት አፕ ዊዝ ዚስ» ሲል ግን ይጠፋቸዋል። ሰውየው «ይሄን ልታገሰው አልችልም» ማለቱ ነው። ከሦስቱ ቃላት አንዱም ለብቻው የመታገስ ትርጉም የለውም።

እኔ የማምነው የእንግሊዝኛ ግስ ለብቻው መጠናት እንደሌለበት ነው። ከኋላው የምትመጣው ትንሽ ቃል የግሱ አካል ናት። ትምህርት ቤት ግን «ሉክ» ማለት «ማየት» ብለን ጽፈን አለፍን። ኑሮ ውስጥ ስንገባ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ሆነ። «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ ኢንቱ» ጉዳዩን ማጣራት፣ «ሉክ ዳውን ኦን» ደግሞ መናቅ ሆነ። ማየት የሚለው ትርጉም የት ገባ?

ይህ የሚከብደው ለእኛ ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ትርጉሙን መቀየሩ የውጭ ሰዎችን ከሁሉ በላይ እንደሚያስቸግር ጽፏል። ስለዚህ ማንም ሰው «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ብሎ ራሱን አይውቀስ።

ደግሞ ለነገሩ ባዳ አይደለንም። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ን አስቡ። ግሱ ያው ነው። አንዷ ግን ሰውየውን ታድነዋለች፣ ሌላዋ ታሳስረዋለች። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ም እንደዚያው። እኛ «ለ»ን እና «በ»ን ግሱ ውስጥ እንከታቸዋለን፤ እነሱ ውጭ ያስቀምጧቸዋል። «ቴስቲፋይድ ፎር ሂም» መሰከረለት፣ «ቴስቲፋይድ አጌንስት ሂም» መሰከረበት። በአማርኛ እነዚህን ማንም አያምታታም። በእንግሊዝኛም ያንኑ ጥንቃቄ ለትንሿ ቃል መስጠት ነው።

ጥንቃቄው የግድ የሚሆነው ሐኪም ቤት ነው። ሐኪሙ «ከት ዳውን ኦን ሶልት» ካላችሁ ጨው ቀንሱ ማለቱ ነው። «ከት አውት ሶልት» ካለ ግን ጭራሽ ተዉ ማለት ነው። ግሱን ብቻ የሰማ ሰው ሁለቱን አይለይም። የማስታገሻው መድኃኒት «ዊል ዌር ኦፍ» ከተባለ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይለቃል ማለት ነው። «ስሮው አፕ» ማስታወክ ነው። አንዷን ደግሞ አደራ፣ ዛሬውኑ ያዟት። «ፓስድ አውት» ራሱን ስቶ ወደቀ፣ «ፓስድ አወይ» አረፈ ነው። አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ሁለቱን ቢያቀያይር ስልኩን ያነሳው ሰው የሚረዳው ሌላ ነገር ነው።

ብዙ የተማሩ ወገኖቻችን ወረቀት አንብበው ይረዳሉ፤ መስኮት ላይ ግን ይቸገራሉ። ለዚህ ታሪካዊ ምክንያት አለው። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ፈረንሳይኛ ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑና የምሁራኑ ደግሞ ላቲን ነበር። ከሁለቱ የገቡት ቃላት እስከ ዛሬ የደብዳቤ ቋንቋ ናቸው። ነባሮቹ አጫጭር ግሶች ከነትንንሽ ቃሎቻቸው በሰው አፍ ቀሩ። ስለዚህ ደብዳቤው «ፖስትፖንድ» ሲል ጸሐፊዋ «ፑት ኦፍ» ትላለች። ደብዳቤው «ሪጀክትድ» ሲል ጎረቤታችሁ «ተርንድ ዳውን» ይላል። «ኢንቬስቲጌት» የሚለው «ሉክ ኢንቱ» ይሆናል። እኛ ከመጽሐፍ የተማርነው የመጀመሪያዎቹን ነው። በቀን በቀን የምንሰማው ሁለተኛዎቹን ነው። በነገራችን ላይ ፎርም መሙላት አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው «ፊል አውት» ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ «ፊል ኢን» ይበዛል።

«ቱ» የሚባለውና «ኢንግ» የሚባለው መቼ እንደሚገቡ ለጠየቃችሁ ደግሞ፣ ከ«ስቶፕ» እንጀምር። «ሂ ስቶፕድ ስሞኪንግ» ማጨስ አቆመ ነው። «ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ» ሊያጨስ ቆመ ነው። አማርኛውን ልብ በሉ። «ማጨስ አቆመ» እና «ሊያጨስ ቆመ» ብለን እኛም እንለያለን። «ሪሜምበር»ም እንዲሁ ነው። «ሪሜምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» በሩን መቆለፍ እንዳትረሳ ማለት ነው፤ ገና አልተቆለፈም። «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» በሩን መቆለፌ ትዝ ይለኛል ማለት ነው፤ ተቆልፏል። ብዙ ጊዜ «ቱ» ወደፊት ያያል፣ «ኢንግ» የሆነውን ወይም በመሆን ላይ ያለውን ይይዛል። ለዚህ ነው «ዋንት»፣ «ሆፕ»፣ «ዲሳይድ» እና «ፕሮሚስ» ከ«ቱ» ጋር፣ «ፊኒሽ» እና «ኢንጆይ» ከ«ኢንግ» ጋር የሚሄዱት። ግን ይህን እንደ ሕግ አትያዙት። «ሰጀስት» ሐሳቡ ወደፊት ሆኖ ሳለ «ኢንግ» ነው የሚወስደው። «አይ ሰጀስት ዌይቲንግ» ይባላል እንጂ «አይ ሰጀስት ቱ ዌይት» አይባልም።

አንድ ወጥመድ አለ። «ቱ» ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለችም። በኢሜይል መጨረሻ ላይ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ነው የሚጻፈው። ብዙ ሰው «ቱ ሂር» ይላል፤ «ቱ»ን ሲያይ ቀጥሎ ባዶ ግስ ይጠብቃል። እዚህ ያለችው «ቱ» ግን መስተዋድድ ናት። መለያው ቀላል ነው። ቀጥሎ ስም አስገቡ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሚቲንግ» ያስኬዳል። ስም ካስኬደ ግሱ «ኢንግ» ይፈልጋል።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ይህን በተለይ አስተውሉ። «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ ናይትስ» ካላችሁ «ድሮ ሌሊት እሠራ ነበር» ነው። አሁን እንደማትሠሩ ይሰማል። «አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ ናይትስ» ካላችሁ ግን «ሌሊት መሥራት ለምጃለሁ» ነው። ለሌሊት ፈረቃ ሰው የሚፈልግ አሠሪ ሁለተኛውን መስማት ነው የሚሻው። እዚያው ላይ «አይ ወርክ ሃርድ» በሉ፣ ጠንክሬ እሠራለሁ ነው። «ሊ» ጨምራችሁ «አይ ሃርድሊ ወርክ» ካላችሁ «እምብዛም አልሠራም» ብላችኋል። «ሃርድ» ሳይለወጥ ተውሳከ ግስ ይሆናል፤ «ሃርድሊ» ሌላ ቃል ነው።

የተውሳከ ግስ ቦታም ነገር ይቀይራል። «አይ ሪሊ ዶንት ኖው» በፍጹም አላውቅም ማለት ነው። «አይ ዶንት ሪሊ ኖው» ብዙም አላውቅም ነው። ቃላቱ ያው ናቸው፤ ቦታ ብቻ ተለዋወጡ። በግሱና በተሳቢው መካከል ግን አታስገቡት። «አይ ላይክ ቬሪ መች ማይ ጆብ» አያስኬድም። «አይ ላይክ ማይ ጆብ ቬሪ መች» ነው።

ከአማርኛችን ተሸክመናቸው የምንመጣ ደግሞ አሉ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስድ አባውት» እንላለን፤ «ዲስከስ» ግን ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል፣ «አባውት» አይፈልግም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን፤ የእነሱ «ሜሪድ ቱ» ነው። «አስረዳኝ» ስለምንል «ኤክስፕሌይን ሚ» እንላለን፤ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው የሚባለው። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ለማለት ደግሞ «አይ ከት ማይ ሄር» እንላለን። ሰሚው መቀስ ይዛችሁ ራሳችሁ የቆረጣችሁት ነው የሚመስለው። ሌላ ሰው ከቆረጠላችሁ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» በሉ። መኪና ማስጠገንም ልክ እንደዚያ ነው፤ «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ»። የእኛ «አስ» የምትሠራውን ሥራ እዚያ «ጌት» ወይም «ሃቭ» ይሠራዋል። «ሜክ» ግን የማስገደድ ትርጉም አለው፣ «ቱ»ም አይወድም፤ «ዘይ ሜድ ሚ ዌይት»፣ አስጠበቁኝ።

ተውላጠ ስም ሲመጣ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። «ፒክ አፕ ዘ ቻይልድ» ይባላል፤ «ፒክ ዘ ቻይልድ አፕ»ም ይባላል። «ሂም» ከሆነ ግን መሐል ነው የሚገባው፤ «ፒክ ሂም አፕ»። «ሉክ አፍተር» ደግሞ አይከፈልም፤ ሁልጊዜ «ሉክ አፍተር ሂም» ነው። የትኛው እንደሚከፈል አይቶ መገመት ያስቸግራል። ለቋንቋ ተማሪዎች የሚዘጋጁ መዝገበ ቃላት ይህን በምሳሌ ያሳያሉ፤ እነሱን ተጠቀሙ።

መስተዋድድ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አይቀመጥም ተብላችሁ የተማራችሁም ካላችሁ፣ እርሱት። ባለቅኔው ጆን ድራይደን በ1672 ይህን አጻጻፍ ነቅፎ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ መምህራን ሲቀባበሉት ኖሩ። ሰዉ ግን «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር» እያለ መናገሩን አላቆመም። እናንተም እንደዚያው በሉ።

አጠናኑን በተመለከተ፣ የቃላት ዝርዝር አትሸምድዱ። አውቶቡስ ላይ፣ ሥራ ቦታ ወይም ሬዲዮ ላይ የሰማችሁትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፉት። ማን ለማን እንዳለውም ጨምሩበት። «ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» ብላችሁ ስትጽፉ ከጎኑ «ማመልከቻ ያስገባሁበት ቦታ፣ መልስ እንሰጥሃለን ሲሉ» ብላችሁ ያዙ። በሚቀጥለው ቀን እናንተው ለሌላ ሰው ተናገሩት።