በሽቶ ካርቶን ላይ የሚጻፈው የይዘት ዝርዝር ስለ መዓዛው ምን ይነግረናል?

ናርዶስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሽቶ ሳይሸቱ በኦንላይን ማዘዝ እየተለመደ ስለሆነ፣ ከካርቶኑ ጀርባ ያለውን ዝርዝር አንብቦ መዓዛውን መገመት ይቻል እንደሆነ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ። አንድ ኦ ደ ፓርፉም (የመዓዛ ዘይቱ በዛ ይላል የሚባል የሽቶ ዓይነት) ላይ ያለው ቃል በቃል ይኸው፦

«አልኮል ዴናት፣ ፓርፉም፣ አኳ፣ ሊሞኔን፣ ሊናሎል፣ ኩማሪን፣ ኤቲልሄክሲል ሜቶክሲሲናማት፣ ሲትራል፣ ጄራኒዮል፣ ዩጄኖል፣ ኢቨርኒያ ፕሩናስትሪ፣ ቢኤችቲ፣ ሲአይ 19140፣ ሲአይ 14700። 80% ቮል።»

ማስታወቂያው ግን «ቤርጋሞት፣ ዕጣን፣ ቫኒላ» ነው የሚለው። ዕጣኑም ቫኒላውም ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ውሸት ነው ማለት ነው? ደግሞስ ቆዳዋ ቶሎ የሚያሳክካት ሰው የትኛውን ስም አይታ ትሽሽ?

ቀማሚው፦
ሰላም ናርዶስ። ዝርዝሩን እንደ ምግብ አሠራር ካነበብሽው ያሳስትሻል። መዓዛው በሙሉ ያለው «ፓርፉም» በምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሕጉ ግን አምራቹን እነሱን እንዲዘረዝር አያስገድደውም። ከዚያ ወዲያ ያሉት እነ ሊሞኔን ተለይተው የተጻፉት አለርጂ ሊያስነሱ ስለሚችሉ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ እንዲጻፉ ያዘዘው መጀመሪያ 26 ስሞችን ሲሆን፣ ቆዳ ላይ በሚቀር ምርት ውስጥ መጠናቸው ከ0.001% ካለፈ መጻፍ ግዴታ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ሽቶ 85 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን፣ አንድ ስም እዚያ ለመግባት ከ1 ሚሊ ግራም ያነሰ ይበቃዋል። ስለዚህ የተጻፈው ሁሉ ይሸታል ማለት አይደለም።

ቅደም ተከተሉ የሚጠቅመው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ከ1% በላይ የሆኑት ከብዙ ወደ ጥቂት ይደረደራሉ፤ ከ1% በታች ያሉት አምራቹ እንደፈለገ፤ ቀለሞች መጨረሻ ላይ። ባንቺው ዝርዝር አልኮሉ 80% ከሆነ ለዘይቱና ለውሃው የቀረው 20% ገደማ ነው። ፓርፉም ከአኳ (ከውሃው) ቀድሟል፤ እንግዲህ የመዓዛው ዘይት በግምት 10% ወይም ከዚያ በላይ ነው። አኳ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ «ኦ ደ ፓርፉም» መባሉን እጠራጠር ነበር። ስያሜው ራሱ በሕግ የተወሰነ መጠን የለውም፣ ማንም ይጽፈዋል።

ስሞቹን ለመልመድ ላብራቶሪ አያስፈልግም፣ ጓዳ ይበቃል። የጠጅ ሳር ዘይት አብዛኛው ሲትራል ነው። ቅርንፉድ ዩጄኖል ነው፤ ቀረፋ ሲናማል። የድምብላል ፍሬ ዘይት ከግማሽ በላዩ ሊናሎል ነው። ብርቱካን ልጠሽ ልጣጩን ብትጨምቂው የሚረጨው ከ90% በላይ ሊሞኔን ነው። ጄራኒዮልና ሲትሮኔሎል አብረው ሲመጡ ጽጌረዳ ወይም ጄራኒየም አስቢ። ኩማሪን ገና የደረቀ የሣር ድርቆሽ የሚሸተው፣ ጣፈጥ የሚለው ነው። ኢቨርኒያ ፕሩናስትሪ በኦክ ዛፍ ላይ የሚበቅል ሊከን (ሽበት መሰል የዛፍ ልብስ) ነው፤ እርጥብ ደን፣ ትንሽም ቀለም ይሸታል።

ከእነዚህ ውስጥ ሊሞኔንና ሊናሎል ብዙም አይነግሩሽም፣ የሌሉበት ሽቶ ማግኘት ይከብዳል። ወሬ ያላቸው ኩማሪን፣ ዩጄኖል፣ ሲናማልና ኢቨርኒያ ናቸው። ያንቺው ላይ ኩማሪንና ኢቨርኒያ ከሊናሎል ጋር ገጥመዋል፤ ይህ ፈረንሳዮች ፉዤር የሚሉት ቤተሰብ አጥንት ነው። በግምቴ ሲረጭ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ከዚያ የወንዶች ፀጉር ቤት ወደሚያስታውስ ደረቅና ጣፋጭ ነገር ይወርዳል። ኤቲልሄክሲል ሜቶክሲሲናማት ፀሐይ ቀለሙን እንዳያነጣው የሚገባ ነው፤ ቢኤችቲ እንዳይበላሽ። ሁለቱም ለመዓዛው ምንም አይጨምሩም።

አሁን ወደ ዕጣኑ። ከመተማና ከትግራይ የሚመጣው የቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ዕጣን ዘይቱ በአብዛኛው ኦክቲል አሲቴት ነው፤ ይህ ከ26ቱ ውስጥ የለም። የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው ቫኒሊንም የለም። ስለዚህ ባይጻፉም ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ መኖራቸውንም ዝርዝሩ አያረጋግጥልሽም። ያገራችን ዝባድም ቢሆን፣ በዘመኑ ስንትና ስንት ቀንድ ሙሉ ወደ ውጭ ሲላክ የኖረው፣ ዛሬ አንድ ሽቶ ውስጥ ቢገባ የሚደበቀው እዚያው ፓርፉም ውስጥ ነው። ቫኒላ ሲበዛ ፈሳሹ እየቆየ ወደ ቡናማ ስለሚሄድ፣ ሌላ ጊዜ ቀለሙን እይ እልሽ ነበር። ያንቺው ግን 19140 (ቢጫ) እና 14700 (ቀይ) ተጨምሮበታል፤ በቀለሙ መፍረድ አይቻልም።

ይህ እየተሻሻለ ነው። በ2023 የወጣው የኅብረቱ ደንብ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። አዲስ ለሚወጡ ምርቶች ከጁላይ 31 ቀን 2026 ጀምሮ፣ ገበያ ላይ ላሉት ደግሞ እስከ ጁላይ 31 ቀን 2028 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ቫኒሊን፣ ሊናሊል አሲቴት፣ የፓቹሊ ዘይት በስማቸው ይጻፋሉ። «ቴትራሜቲል አሴቲልኦክታሃይድሮናፍታሊንስ» የሚል ስታዪ አትደንግጪ፣ ለስላሳ የዝግባ እንጨት የሚሸተው አይሶ ኢ ሱፐር ነው።

ቆዳና_መዓዛ፦
ቀማሚው ስለ ሽታ ያለው ልክ ነው፤ ስለ አለርጂ ግን «ትንሽ ናት» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቆዳው አንዴ የተቆጣ ሰው ላይ ትንሿም ትበቃለች።

ሊሞኔንና ሊናሎል ትኩስ ሳሉ ብዙም አይጎዱም፤ አየር እየነካቸው ሲቆዩ የሚፈጠሩት ሃይድሮፐርኦክሳይዶች ናቸው ቆዳን የሚያስቆጡት። ግማሹ አልቆ መስኮት ላይ ለዓመታት የቆመ ጠርሙስ ከአዲሱ ይብሳል። ቢኤችቲ ያለበት ትንሽ ይሻላል።

ለሙከራ፦ ከክርን በስተውስጥ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ በቀን 2 ጊዜ ትንሽ ቀቢና ክፍት ተዪው። 7 ቀን፣ ቢቻል እስከ 14 ቀን ቀጥዪ። አንድ ቀን ሞክሮ «ምንም አላደረገኝም» ማለት አይሠራም፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ቀይ ሽፍታ ካየሽ ወዲያው አቁሚ። አንገትና ፊት ላይ አትሞክሪ። ከዚያ ወደ ቆዳ ሐኪም ስትሄጂ የሁለት ሦስቱን ካርቶን ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፤ በፓች ምርመራ (አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮች ቆዳ ላይ ተለጥፈው በሚታዩበት) ላይ ከሚለጠፉት ውስጥ «ፍራግራንስ ሚክስ 1» ዩጄኖል፣ ጄራኒዮል፣ ሲናማልና ኢቨርኒያን ይዟል፣ ሁለተኛው ሲትራልና ኩማሪንን። ያንቺ ዝርዝር ሁለቱንም ይነካል።

«ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል» የሚል ካየሽ ደግሞ ሊሊያል የሚባለው የሽቶ ንጥረ ነገር ነው። አውሮፓ ውስጥ ከማርች 1 ቀን 2022 ጀምሮ ታግዷል፤ «ዘንድሮ የተመረተ» ብሎ ሊሸጥልሽ የሚሞክር ካለ አሮጌ ክምችት ነው ወይም ካርቶኑ ከአሮጌ የተቀዳ ነው።

ከሻርጃ፦
አልኮል ስለሌላቸው የዘይት ሽቶዎች ማንም ስላላነሳ ልጨምር። ዝርዝሩ ላይ ዲፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም አይሶፕሮፒል ሚሪስታት መጀመሪያ ከተጻፈ ማሟሟያ ነው፣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። «ንጹህ የዑድ ዘይት» ተብሎ ይህ ካለበት ቀጥኗል። በአንዳንድ የአበባ ዘይቶች ውስጥ የሚገኘው ቤንዚል ቤንዞአትም እዚህ ማሟሟያ ሆኖ በብዛት ሊገባ ስለሚችል አበባ አለው ብለሽ አትቸኩዪ።

ሌላው ጠቃሚ ስም ሃይድሮክሲሲትሮኔላል ነው። ሽቶ ውስጥ የሚገባው ፋብሪካ የሠራው ነው። «100% ተፈጥሯዊ» የሚል ጠርሙስ ላይ ይህን ካየሽ ክርክሩ አለቀ።

ናርዶስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ፦ የጎደለ ስምስ ይናገራል? ማስታወቂያው ጽጌረዳ ብሎ ጄራኒዮልም ሲትሮኔሎልም ባይኖር?

ቀማሚው፦
ይናገራል፣ እንዲያውም ከተጻፈው ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው። የእውነተኛ ጽጌረዳ ዘይት ሁለቱንም በብዛት ስለያዘ፣ ሁለቱም ከሌሉ ወይ ዘይቱ የለም ወይ ለስም ያህል ጠብ ተደርጓል። ጽጌረዳ ግን ሊሸት ይችላል፤ ፌኒል ኢታኖል ብቻውን የጽጌረዳ ውሃ ይሸታል፣ እሱም ከ26ቱ ውጭ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ተብሎ ሊሞኔን ከጠፋም እንደዚያው።

ይህ የሚሠራው የአውሮፓን ሕግ ተከትሎ በተጻፈ ካርቶን ላይ ብቻ ነው። አሜሪካ «ፍራግራንስ» ብሎ መዝጋት ሲፈቀድ ስለቆየ፣ እዚያ ብቻ የሚሸጥ ሽቶ ላይ ስም ጎደለ ብለሽ ምንም መደምደም አትችዪም። አስመስለው የሚሠሩም ዝርዝሩን ከዋናው ይገለብጣሉ፤ ለነሱ የካርቶኑን ታች እዪ፦ የምርት ቁጥሩ ከጠርሙሱ ቂጥ ጋር አንድ መሆን አለበት።