የ1975 ሆንዳ ሲቢ 750 የፊት ሹካ ቅየራ መሃል ላይ ቆሞብኛል፤ እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ

ጠያቂ (ሜሪላንድ)
ሰላም ወገኖች። ሞተሬ የፊት ጎማዋ ወልቆ በክሪክ ላይ ቆማለች፤ ጋራዡን ያዋሰኝ ጎረቤቴም እሑድ ይፈልገዋል። የቀድሞውን ሹካ ነቅዬ ከሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 750 የስፖርት ሞተር የወጣውን ግልብጥ ሹካ (ወፍራሙ ቱቦ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች የሆነውን) ልገጥም ስል፣ የመሪው ዘንግ በሻንሲው አንገት ውስጥ ቢያልፍም ኩሽኔታዎቹ ስለማይገጥሙት ይወዛወዛል፤ ዳዶውን ሳጠብቀው ደግሞ መሪው አልዞር ይላል። ምን ላድርግ?

አሮጌ ብረት
ወንድሜ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ነቀልከው? የሲቢው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሹካ አዲስ የዘይት ጎሚኒ፣ ትኩስ ዘይትና ጠንከር ያለ ሞላ ቢያገኝ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ጠያቂ
ምክርዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም አንዱ የፍሬን ዲስክ በዝናብ እንደልብ አላቆመኝም፤ አዲሱ ሁለት ዲስክ አለው።

ተጓዥ
ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ግዛና ግጠም።

ቶርነሩ
የትኛውን ሾጣጣ ኩሽኔታ እንደሚገዛ ካልተነገረው ምክሩ አይጠቅመውም። ሲቢው የሚሠራው በልቅ ኳሶች ስለሆነ፣ ውጫዊ ስፋቱ የሻንሲውን አንገት፣ ውስጣዊ ስፋቱ ደግሞ የሱዙኪውን ዘንግ የሚገጥም ኩሽኔታ ያስፈልግሃል። ስለዚህ የአንገቱን ርዝመት፣ የላይኛውንና የታችኛውን መቀመጫ ስፋት፣ የዘንጉንም ውፍረት በሁለቱ ቦታዎች በመለኪያ ካሊፐር ለክተህ ለኩሽኔታ ሻጭ ስጠው። የሚገጥም ከታጣ የሲቢው ዘንግ በፕሬስ ወጥቶ፣ በቶርኖ ተስተካክሎ በአዲሱ የታች መያዣ (ሁለቱን የሹካ እግሮች ከዘንጉ ጋር በሚያያይዘው) ላይ ይገባል። መያዣው አሉሚኒየም ስለሆነ ዘንጉን ማንም በብየዳ እንዲያያይዝልህ አትፍቀድ፤ ቢለቅ ሕይወትህን ታጣለህ።

ባለ ካርታ
የጎማውን ለውጥም አስብበት። የሲቢው የፊት ቸርኬ 19 ኢንች ሲሆን የሱዙኪው 17 ነው፤ ግልብጡ ሹካም አጠር ስለሚል አፍንጫዋ ዝቅ ይላል። የመሪው ዘንግ መስመር መሬት ከሚነካበት ነጥብ አንስቶ ጎማው እስከሚረግጥበት ያለው ርቀት ሞተሩን በፍጥነት ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ነው፤ አፍንጫ ሲወርድና ጎማ ሲያንስ ይህ ርቀት ያጥራል። ደግነቱ የስፖርት ሞተር መያዣ ሹካውን ከዘንጉ ብዙም ስለማያርቀው ከጠፋው ርቀት የተወሰነውን ይመልሳል። ከመንዳትህ በፊት ሞላዎቹን አውጥተህ ሹካውን እስከ መጨረሻው ጨፍልቀውና ጎማው ከጭስ ማውጫ ቱቦዎቹ ጋር እንደማይጋጭ አረጋግጥ።

ተጓዥ
እኔም ሾጣጣ ኩሽኔታ ነው ያልኩት።

ጠያቂ
ለክቼ ለሻጩ ልኬአለሁ፤ የሚገጥም እንዳለውና ሐሙስ እንደሚደርስ ነግሮኛል። የሲቢውን የፍሬን ፓምፕ መሪው ላይ እንዳለ ልተወው እችላለሁ?

ዲስክ
አትተወው። ያ ፓምፕ የተሠራው ለአንድ ዲስክ ስለሆነ ሁለቱን የሱዙኪ የፍሬን ካሊፐሮች (ዲስኩን ቆንጥጠው የሚይዙትን) የሚያንቀሳቅስ በቂ ዘይት አይገፋም፤ ማንሻው እስከ እጀታው ይገባብሃል። ፓምፑንም ከዚያው ከሱዙኪው ውሰድ። የፍጥነት መለኪያው ሽቦም በአዲሱ ጎማ ላይ ማሰሪያ ስለማያገኝ የኤሌክትሮኒክ መለኪያ ያስፈልግሃል።

ቶርነሩ
ኩሽኔታው ሲገባ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙረው፤ የሹካው ቱቦ ታንኩን ከነካ ማቆሚያ ሳይሠራለት ከጋራዡ አታውጣት።