የሃርለሟ አቢሲኒያ የማን ናት? (ክርክር)

ጠያቂዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። በዓድዋ ሰሞን አንድ ጽሑፍ ሲዞር ነበር። ኒውዮርክ ሃርለም ያለችውን አቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1808 ካቋቋሟት መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች አሉበት ይላል። ቤተ ክርስቲያኗም ታሪኳን እንዲሁ ነው የምትናገረው፦ የነጮቹ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የጥቁር መቀመጫ ወዲያ ነው» ሲባሉ ጥለው ወጡ። ታዲያ ይህን ታሪክ «የእኛ» ማለት እንችላለን? (ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ፣ አለበለዚያ እንጣላለን።)

የመርካቶ ልጅ፦ ምን ጥያቄ አለው! ስሟ ራሱ አቢሲኒያ። ባለቤቶቹ እየመሰከሩ እኛ ምን ያከራክረናል? ጃንሆይም በ1954 አሜሪካ ሲሄዱ እዚያው ድረስ ሄደው መስቀል ሰጥተዋል። ለማያውቁት ቤት መስቀል ይዞ የሚሄድ የለም።

ደብተራው፦ ወንድሜ፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንዳይሆን። 1808 ለእኛ ዘመነ መሳፍንት ነው። ምጽዋ በኦቶማን እጅ ናት። ያን ጊዜ ኒውዮርክ ደርሶ፣ ባፕቲስት ሆኖ፣ መቀመጫ የተከለከለው የጎንደር ነጋዴ ማን ይባላል? አንድ ስም አምጡልኝ። በዚያ ላይ ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን ያመጡት እገዳ ያን ዓመት የአሜሪካን የውጭ ንግድ አንቆ ይዞት ነበር።

የመርካቶ ልጅ፦ እገዳውማ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ወደብ ሲዘጋ እንግዳ መውጫ ያጣል። ሥራ የፈታ ነጋዴ እሑድ የት ይሄዳል? ቤተ ክርስቲያን!

ደብተራው፦ ሃሃ፣ ይቺን ወድጃታለሁ። ማስረጃ ግን አትሆንም። ስሙንም ስናይ፣ ሜይን ግዛት ፖርትላንድ ውስጥ በ1828 ጥቁሮች የራሳቸውን ጉባኤ ሲያቋቁሙ አቢሲኒያ ብለውታል። እነሱም መድልዎ አንገሽግሿቸው ከነጮች ተለይተው የወጡ ናቸው። ለስሙ ነጋዴ አላስፈለገም። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን አንብበዋል። ቀን ከሌት እንደ ዕቃ ለሚቆጠር ሰው ያ ጥቅስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ነርሷ (ሜሪላንድ)፦ ሁለታችሁም መርከቡ ላይ ቀራችሁ። መቀመጫውስ? ኒውዮርክ ውስጥ ባርነት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1827 ነው። እነዚህ ሰዎች ብድግ ብለው የወጡት ሰው በሚሸጥበት ከተማ ውስጥ ነው። እኔን ያሳፈረኝ ደግሞ ሌላ ነው። ባለፈው ሥራ ቦታ አንዷ የእኛ ልጅ በእንግሊዝኛ «እኛ እኮ ጥቁር አይደለንም፣ ሀበሻ ነን» አለች። አጠገቧ የቆመችው ጥቁር አሜሪካዊት ባልደረባችን ጓንቷን እያወለቀች ዝም ብላ አየቻት። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በዓድዋ ሰሞን «የጥቁር ሕዝብ ድል»፣ በማግስቱ «ሀበሻ ነን»። ሰዎቹን የእኛ ሳንል ቤታቸውን የእኛ የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

የመርካቶ ልጅ፦ እሱ ሌላ ርዕስ ነው፣ እቴ።

ነርሷ፦ ርዕሱ እሱ ነው፣ ወንድሜ! ለአፍሪካዊ በሩን ወለል ያደረገው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው፣ ጥቁሮች ደማቸውን ያፈሰሱበት የምርጫ መብት ሕግ በጸደቀ በሁለት ወሩ ነው። የገባንበትን በር ማን እንደገፋው ብናውቅ ምን አለበት?

ሹፌሩ (ኒውዮርክ)፦ እኔ የማስታውሰው 1941ን ነው። ሃርለምን አቋርጠው የሚያልፉት አውቶቡሶች ጥቁር ሹፌር አይቀጥሩም ነበር። ተሳፋሪው ጥቁር፣ ሳንቲሙ የጥቁር፣ መሪው የነጭ። የአቢሲኒያ ፓስተር አዳም ክሌይተን ፓውል ጁኒየር ከሌሎች ጋር ሆኖ «አንሳፈርም» አሰኘ። ሕዝቡ በእግሩ ኳተነ። ኩባንያዎቹ እጅ ሰጡ፣ ጥቁር ሹፌርና መካኒክ ለመቅጠር ተስማሙ። ይህ ሁሉ ማርቲን ሉተር ኪንግ የመሩት የሞንትጎመሪው የአውቶቡስ አድማ ሊጀመር 14 ዓመት ሲቀረው ነው። ሰውየው ኋላ ኮንግረስ ገባ፣ የስብከት መድረኩን ግን አልለቀቀም። እዚህ ከተማ ጥቁር ሆኜ መሪ ስጨብጥ ስለ ጎንደር ነጋዴ አላስብም።

ደብተራው፦ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ወረቀት ያለው ዝምድና ከተፈለገም አለ። ጣሊያን ሲወረን ሃርለም ለእኛ ጮኋል። የጃንሆይ ሐኪም የነበሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስበውን የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋሙት እዚያው ኒውዮርክ ነው። በ2007 ደግሞ የአቢሲኒያ ምእመናን በቡድን ሀገራችን ድረስ መጥተዋል። እነሱ መጡ። ከእኛ ውስጥ 138ኛ መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ ሄዶ የገባ አለ?

የመርካቶ ልጅ፦ ...ፎቶ ተነስቻለሁ። በር ላይ።

ሹፌሩ፦ እኔም ከበር አላለፍኩም፣ አልዋሽም። አንድ እሑድ ያደረስኳቸው እናት ባርኔጣቸውን እንዳይጨማደድ ከነካርቶኑ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ግባ እንጂ» አሉ። ሥራ አለብኝ ብዬ ሄድኩ። ተሳፋሪ እንኳን አልነበረኝም።

ነርሷ፦ በሚቀጥለው ወር ኒውዮርክ ነኝ። አብረን እንግባ?

ሹፌሩ፦ እሺ። የመርካቶ ልጅ፣ አንተም ና። ደብተራውን ስም ፍለጋ መዝገብ ቤት እንተወዋለን። ፓርኪንግ ግን እንዳትጠይቁኝ፣ እሑድ ሃርለም ውስጥ የለም።