የእማዬ ልብ፦ ሦስት ገመድ ወይስ ሁለት?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም፣ የገባው ሰው ካለ በእናታችሁ አስረዱኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ የልብ ድካም አለባት። መድኃኒቷን አንድ ቀን አታስታጉልም፣ ግን ከቤት እስከ ቅድስት ማርያም ሦስቴ ሳትቆም አትደርስም። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ ኢኤፍ፣ ማለትም ግራው ልብ በአንድ ምት የሚረጨው የደም ድርሻ፣ 28 ከመቶ ተባለ። በፌስታል ጠቅልላ የምትይዘው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ) ደግሞ «ኤልቢቢቢ፣ ኪውአርኤስ 162» ይላል። ሐኪሟ ሲአርቲ፣ ማለትም ባለ ሦስት ገመድ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያስፈልጋታል አሉ። ዋጋውን ስንሰማ ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ «ባለ ሁለቱ ርካሽ ነው፣ ፔስሜከር ያው ፔስሜከር ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነት አንድ ናቸው?

ነርሷ፦
አንድ አይደሉም ወንድሜ። ተራው ፔስሜከር በዋናነት ምቱ ለሚዘገይበት ሰው ነው። የእናትህ ችግር ፍጥነት ሳይሆን አለመገጣጠም ነው። ኤልቢቢቢ ማለት ወደ ግራው ልብ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር ተዘግቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ የመሃሉ ግድግዳ ቀድሞ ይኮማተራል፣ የውጪው ዘግይቶ ይከተላል። የቆመ ሚኒባስ ሁለት ሰው ሲገፋ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እያረፈ፣ አስበው። ሦስተኛው ገመድ በልብ ደም መላሽ ሥር ዞሮ የግራውን ግድግዳ ከውጭ በኩል ያስነሳል፣ ሁለቱ አብረው ይመታሉ። ቀኙን ብቻ የሚመታ ገመድ ግን ያንኑ መዛባት ራሱ ስለሚፈጥር ደካማ ልብን ጭራሽ ሊያደክም ይችላል። ኪውአርኤስ ደግሞ ኤሌክትሪኩ የታችኛውን ልብ ለማዳረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፣ በሚሊሰከንድ። 162 ለሲአርቲ ጥሩ ቁጥር ነው፣ ኤልቢቢቢ ኖሮ ከ150 በላይ የሆነ ነው በደንብ የሚጠቀመው። ከ130 በታች ቢሆን አይመከርም ነበር።

ካዛንቺስ፦
አባቴ ካስገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ተአምር አትጠብቁ፣ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ያን ያህል ለውጥ አያይም ብለውናል። የእኛ ሰውዬ ከታደሉት ነው፣ በሁለተኛው ወር የእግሩ እብጠት ቀንሶ ጫማውን ራሱ ማሰር ጀመረ። መጀመሪያ ግን በግራ ጎኑ ሲተኛ ሆዱ ትር ትር ይልበት ነበር፣ ለካ ገመዱ የድያፍራምን ነርቭ እየነካካ ነው። ዳግም ሳይቀድዱት ከውጭ በማሽን አስተካከሉለት። እና ስሙት፣ ያ ማሽን የየኩባንያው ለየብቻ ነው! እኛን አንድ ቦታ (ስም አልጠራም) «የዚህን ማሽን የለንም» ብለው ከቀጠሮ መልሰውናል። ሳትገዙ ጠይቁ።

ሐኪም ነኝ፦
ነርሷ ልክ ነች። ግን አጎትየውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ2017 የቻይና ሐኪሞች ገመዱን በመሃሉ ግድግዳ ሰርስረው ከተዘጋበት ቦታ በታች ያለውን የግራውን መስመር ራሱን የሚያስነሱበትን ዘዴ አሳትመዋል። እሱ በሁለት ገመድ ይሠራል፣ ከሲአርቲም ሊረክስ ይችላል። የሲአርቲን ያህል ረጅም ማስረጃ ገና የለውም፣ የለመደ እጅም ይፈልጋል። ስለዚህ ሐኪሟን «ስንት ገመድ» ሳይሆን «ገመዱ የት ያርፋል» ብለህ ጠይቅ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለአጎቴ አነበብኩለት፤ የመጨረሻዋን ብቻ ነው የሰማው። «አላልኳችሁም? ሁለት ገመድ!»