ጮቄን በኤሚሊ ካር አሠራር

የማርቆስ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጮቄን ተራራ እዚያው ቆሜ መሣል አስቤአለሁ። ካናዳዊቷ ሠዓሊ ኤሚሊ ካር (እ.ኤ.አ. 1871–1945) ዘይት ቀለም በቤንዚን አቅጥና ወረቀት ላይ ትሥል ነበር የሚባለው እንዴት ነው? ጽሑፎቿስ?

ብሩሽ፦ እውነት ነው። በ1930ዎቹ ርካሽ ማኒላ ወረቀት (ቡናማ መጠቅለያ መሰል ወረቀት) ላይ ነበር የምትሠራው፤ ቀለሙ ፈሳሽና ቶሎ የሚደርቅ ስለሆነ ሰማዩን በረጅሙ እየጎተተች ትሥል ነበር። አንተ ግን ቤንዚኑን ተወው፤ ትነቱ ይጎዳል፣ እሳትም ይስባል። ሽታ የሌለው የቀለም ማቅጠኛ ይበቃል። ወረቀቱም እንዲሁ ከተቀባ ዘይቱን ይጠጣና ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ላይ ጄሶ (የግንቡን ሳይሆን የሠዓሊዎችን ነጭ የመደብ ቅብ) ሁለት ጊዜ ቀባ፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ሲደርቅ።

ጣና ዳር፦ ማቅጠኛ አታብዛ! ቀለሙን የሚይዘው ዘይት ከሳሳ ሲደርቅ እንደ ጠመኔ በጣት ይለቃል። ጉሙንና የሩቁን ሸንተረር በቀጭኑ ጀምር፤ ፊት ለፊት ያለውን ጅብራ መጨረሻ ላይ ዘይት በበዛበት ቀለም። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

ብሩሽ፦ ንባቡን ረሳሁት። ወደ መጻፉ ያደላችው በ1937 ልቧን ከታመመች በኋላ ነው። በ1941 የወጣው መጽሐፏ «ክሊ ዊክ» የካናዳን የገዥ ጄኔራል ሽልማት አግኝቷል። ለሠዓሊ ግን በ1966 የታተመው የዕለት ማስታወሻዋ ይበልጣል ባይ ነኝ።